የጨዋታ ኮምፒዩተር ዕድሜ

በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ አንዲት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ተቀምጣለች። ወደዚህ ቤት የገባችው እኔ ሳልወለድ ነው። ዛሬ የሚጽፍባት ሰው ባይኖርም ቅሉ፣ ጥብጣቧ ቢለወጥላት እንደ ቀድሞው አጥርታ ትጽፋለች። የገበሬውም ማረሻ በልቶ እስኪያልቅ ድረስ ያርሳል፤ የወፍጮውም ድንጋይ እየተወቀረ እስኪሳሳ ድረስ ይፈጫል። ሰው ሠርቶ የሚገለገልባቸው መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ የሚያረጁት በሥራ ብዛት ነው። ልጆች «ጌሚንግ ፒሲ» እያሉ የሚጠሩት የጨዋታ ኮምፒዩተር ግን አረጀ የሚባለው ሳይዝግና ሳይሰበር፣ የትናንቱን ሥራ ዛሬም እንደ ትናንቱ እየሠራ ሳለ ነው። እርሱ ባለበት ቆሞ ሳለ ጨዋታው ጥሎት ይሄዳል።

ይህን ነገር መርምሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከወር ደመወዙ ላይ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ አንድ እሑድ ከቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ አንድ ያገለገለ ጌሚንግ ፒሲ አግኝቻለሁ፤ ፕሮሰሰሩ የ2017፣ ግራፊክስ ካርዱ የ2016 ነው አሉኝ። ስንት ዓመት ያገለግለኛል ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ በተማሪነቴ ዘመን በሰፈራችን ጌም ቤት የምሳ ገንዘቤን የጨረስሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ነገሩን ያውቃል ብሎ ነው። አንድ ቍጥር ጠርቼ ብሸኘው ቀላል ነበረ። ነገር ግን ሁለት ዓመት በተቈጠበ ገንዘብ ላይ በግምት መናገር አይገባምና፣ «እስከሚመጣው እሑድ ድረስ ቈየኝ» አልሁት። በሳምንቱ ውስጥ ያገላበጥሁትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የነዚህ ዕቃዎች የልደት ቀን በዚያ ተጽፎ ይገኛልና።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስገርመው፣ በመጀመሪያው ዘመን የጨዋታ ኮምፒዩተር ዕድሜው ረጅም መሆኑ ነው። በ1982 በአሜሪካ አገር ኮሞዶር 64 የተባለ ኮምፒዩተር በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ስሙን ያገኘው ከማስታወሻው መጠን ነው፤ 64 ኪሎባይት ማለት 65,536 የላቲን ፊደል የሚይዝ ሥፍራ ስለ ሆነ፣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ቢገባበት ይሞላል። ይህ ዕቃ ኩባንያው በ1994 እስኪከስር ድረስ 12 ዓመት ያህል ከፋብሪካ ሲወጣ ኖረ። በነዚህ ዓመታት ዋጋው ብዙ ጊዜ ወረደ፤ የውጭ ቅርፁም ተለወጠ፤ ጠባዩ ግን ያው ነበረ። በ1982 የገዛው ሰው በ1990 ለኮሞዶር የወጣውን ጨዋታ አምጥቶ ይጫወት ነበረ። ባለቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ስለ ያዙ፣ ጨዋታ ደራሲው ከዕቃው ጋር መስማማት ግድ ሆነበት። እንዲያውም ዓመት በዓመት የጨዋታው መልክ እያማረ የሄደው ዕቃው ስለ ተሻሻለ ሳይሆን፣ ደራሲዎቹ የዕቃውን ጠባይ እየለመዱት ስለ ሄዱ ነው። ፈረሱ ያው ነው፤ የተማረው ጋላቢው ነው።

በ1981 አይ ቢ ኤም ያወጣው የግል ኮምፒዩተርና እርሱን እየመሰሉ የተሠሩት ሌሎች ግን በተለየ መንገድ ሄዱ። ክፍሎቻቸው የሚነቀሉና የሚተከሉ ስለ ሆኑ፣ የሞላለት ሰው አሮጌውን ነቅሎ በተሻለ ይተካል። ነጻነቱ መልካም ነበረ። ዳሩ ግን ጨዋታ ደራሲው ከዚያ ወዲህ የሚጽፈው ለአንድ የታወቀ ዕቃ መሆኑ ቀረ፤ ነገ ይወጣል ተብሎ ለሚጠበቀው መጻፍ ጀመረ።

ነገ ምን ያህል እንደሚበረታ ደግሞ አስቀድሞ ተነግሮ ነበረ። ኋላ ኢንቴል የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር፣ በ1965 በአንድ መጽሔት ላይ በጻፈው ጽሑፍ፣ በአንዲት የሲሊኮን ቅንጣት ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ቍጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ተናገረ፤ በ1975 ሐሳቡን አርሞ «በየሁለት ዓመቱ» አለ። በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ማለት በዐሥር ዓመት 32 እጥፍ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ገና ሣጥኑን ሲከፍት ዕቃው እያረጀ ነበረ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ፍጥነት ከአንድ ጨዋታ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። ዲሴምበር 10 ቀን 1993 በቴክሳስ የሚገኘው አይዲ ሶፍትዌር የተባለው ትንሽ ኩባንያ ዱም የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ዱም 4 ሜጋባይት ማስታወሻ ይጠይቅ ነበረ፤ ይህም ኮሞዶር ከነበረው 64 እጥፍ ነው። ኢንቴል በ1985 ባወጣው 386 በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ጨዋታው ይከፈት ነበረ፤ ነገር ግን እጅግ ከመጐተቱ የተነሣ ተጫዋቹ የሥዕሉን መስኮት አጥብቦ፣ ቴምብር በምታህል ቀዳዳ የሚያይ እስኪመስል ድረስ ዐይኑን አጥብቦ ይጫወት ነበረ። ፈጣን 486 ያለው ሰው ግን ጌታ ነበረ።

ጌትነቱ የቈየው ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በጁን 1996 ያው ኩባንያ ኩዌክ የተባለውን አወጣ። በዱም ውስጥ የነበሩት ጭራቆች ጠፍጣፋ ሥዕሎች ነበሩ፤ በኩዌክ ግን ግድግዳውም ጭራቁም ከብዙ ማዕዘናዊ ቅርጾች ተገጣጥሞ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ ክፍልፋይ ቍጥሮችን በብዛትና በጥድፊያ ማስላት አስፈለገ። በ1993 የወጣው ፔንቲየም ለዚህ ዓይነት ስሌት የሚሆን ብርቱ ክፍል ነበረው፤ የ486 ግን ደካማ ነበረ። ስለዚህ ሁለቱ በሜጋኸርዝ እኩል ቢሆኑ እንኳ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ያነክሳል። የ486 ባለቤት ምንም ነገር አላጠፋም፤ ዕቃውም ምንም አልሆነም። የተለወጠው የጥያቄው ዓይነት ነው። በዚያን ዘመን የጨዋታ ኮምፒዩተር ዕድሜ ስንት ነው ተብዬ ብጠየቅ ኖሮ፣ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ብዬ ሳልፈራ እመልስ ነበረ።

በዚያው በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ ኩባንያ ቩዱ የሚባል ካርድ አመጣ። ይህ 4 ሜጋባይት ያለው ካርድ ሦስት ማዕዘኖችን ከመቀባት በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ከነባሩ የሥዕል ካርድ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዞ ይቀመጥና ጨዋታ ሲከፈት ብቻ ይነሣል። ኩባንያውም ግላይድ በሚባል በራሱ ቋንቋ ጨዋታዎች እንዲጻፉ አደረገ፤ ብዙዎችም ተጻፉ። ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2000 ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ፤ በ2002 መክሰሩን አስታወቀ። ኮምፒዩተሩንና ካርዱን የሚያነጋግረው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል፤ በእኛ አፍ ሾፌር ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተገባው ይመስለኛል። መኪናው ደኅና ሆኖ ሳለ ሾፌሩ ከቀረ መኪናው መቆሙ ነው። የስሪዲኤፍኤክስ ካርድ በገዙት ሰዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ከፋብሪካው አዲስ ድራይቨር መምጣቱ ቀረ።

በስም መሳሳትም ነበረ። ኤንቪዲያ በ2001 ባወጣው ጂፎርስ 3 ላይ፣ ደራሲው የእያንዳንዱን የሥዕል ነጥብ ቀለምና ብርሃን ራሱ በፕሮግራም የሚያዝዝበትን ክፍል ጨመረ። በ2002 የወጣው ጂፎርስ 4 ኤምኤክስ ግን ስሙ 4 ሆኖ ሳለ ይህ ክፍል አልነበረውም፤ በውስጡ የጂፎርስ 2 ዘመድ ነበረ። ቈይቶ ይህን ክፍል ግድ የሚሉ ጨዋታዎች ሲመጡ፣ «ከሦስት አራት ይበልጣል» ብሎ የገዛው ሰው ደጅ ቀረ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ፍጥነቱ ልመለስ። በ1992 የወጣው 486 ዲኤክስ2 66 ሜጋኸርዝ ነበረ። በኖቬምበር 2000 ፔንቲየም 4 ከ1,400 ሜጋኸርዝ ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ቈይቶ 3,060 ደረሰ። በዚህ አካሄድ የሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ምን ያመጡ ይሆን ብሎ ያልተደነቀ አልነበረም። ነገር ግን በ2004 ኢንቴል ሊያወጣው ያሰበውን የ4,000 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘው። በጃንዋሪ 2011 የወጣውና በተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የተወደደው ኮር አይ 5-2500ኬ የተመዘገበ መነሻ ፍጥነቱ 3,300 ነበረ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከ3,060 ወደ 3,300! እርግጥ ነው፣ አዲሱ ፕሮሰሰር አራት አንጓዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ምትም የበለጠ ሥራ ይሠራል። ያ የቀድሞው ግልቢያ ግን ቆሟል።

ያቆመው ሙቀት ነው። ቀደም ሲል ትራንዚስተሩ ባነሰ ቍጥር የሚፈልገውም የኤሌክትሪክ ግፊት አብሮ ስለሚያንስ፣ ፍጥነቱ ሲጨመር ሙቀቱ ብዙ አይብስም ነበረ። በ2005 ግድም ግፊቱን ከዚያ በታች ማውረድ አስቸጋሪ ሆነ፤ ቢወርድ ኤሌክትሪኩ በማይገባበት በኩል ይሾልካልና። ከዚያ ወዲያ ፍጥነት መጨመር ማለት ምድጃ መጨመር ሆነ። ይህን ያልጠበቁ ነበሩ። በጀርመን አገር የሚገኘው ክራይቴክ በ2007 ክራይሲስ የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ፣ የአንዱ አንጓ ፍጥነት እንደ ቀድሞው እየጨመረ ይሄዳል በሚል ተስፋ ነበረ የሠራው። ፍጥነቱ ሳይመጣ ቀረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በተሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ እንኳ ጨዋታው አልፎ አልፎ መንገዳገዱ ከዚህ የተነሣ ነው። ነገ ይመጣል ለተባለ እንግዳ ድግስ ደግሶ እንግዳው እንደ ቀረበት ሰው ሆነ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህኛው ነው። በቴሌቪዥን ላይ የሚሰኩት ኮንሶሎች፣ ኤክስቦክስ 360 በ2005፣ ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ወጡና እስከ 2013 ድረስ ተተኪ አልመጣላቸውም። ታላላቆቹ ጨዋታዎች ለኮንሶልም ለኮምፒዩተርም አንድ ላይ የሚሠሩ ሆነው ስለ ነበረ፣ ደራሲው ኤክስቦክስ 360 ካለው 512 ሜጋባይት ማስታወሻ ማለፍ አይችልም ነበረ። የኮሞዶር 64 ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ አንድ የታወቀ፣ የማይንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉንም ጎትቶ አቆመ። ከኮንሶሉ የተሻለ ኮምፒዩተር ያለው ሰው፣ አዲስ ኮንሶል እስኪወለድ ድረስ እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ያን የ2011 ፕሮሰሰር ገዝተው ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይለውጡ የተጫወቱበት ጥቂቶች አይደሉም።

ወንድሜ ያገኘው ካርድ የተወለደው በዚህ የዕረፍት ዘመን ነው። ጂቲኤክስ 1060 ይባላል፤ በጁላይ 2016 ወጣ። 6 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ሲሆን፣ ከቩዱ ካርድ 1,536 እጥፍ ማለት ነው። በዚያው ዓመት አይዲ ሶፍትዌር ዱምን እንደ አዲስ ሠርቶ አውጥቶት ነበረና፣ ይህ ካርድ በሴኮንድ ከ60 በላይ ሥዕል እየሣለ ያጫውተው ነበረ። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በስቲም መደብሩ በየወሩ በሚያደርገው የዕቃ ቈጠራ፣ ጂቲኤክስ 1060 እስከ 2022 ድረስ ብዙ ዓመት አንደኛ ሆኖ ቈየ። ዕድሜውን ያራዘመለት ብርታቱ ብቻ አልነበረም። ከ2020 ጀምሮ በወረርሽኙ ጊዜ ቅንጣቶቹ ጠፉ፤ በኮምፒዩተር ገንዘብ የሚያመርቱትም ሰዎች አዳዲሶቹን ካርዶች ጠራርገው ገዙ፤ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ኢቴሪየም የተባለው ገንዘብ ያን ዓይነቱን ምርት የተወው በሴፕቴምበር 2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ አሮጌውን ይዞ ስለ ተቀመጠ፣ ደራሲዎቹም አሮጌውን ማክበር ግድ ሆነባቸው። የብዙዎች ኪስ መራቆት ለአንድ ካርድ ዕድሜ ሲሰጠው ማየት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ነው። የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ኤኤምዲ ደግሞ በ2021 ኤፍኤስአር የተባለ ብልኀት አወጣ፤ ሥዕሉን በትንሹ ሥሎ በኋላ የሚያሰፋ ሲሆን፣ በተፎካካሪው አሮጌ ካርዶች ላይ ጭምር ይሠራል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ስፍራ ደረስን። በ1996 ያረጀ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ቀስ ይል ነበረ እንጂ እንቢ አይልም ነበረ፤ መስኮቱን አጥብቦ መጫወት ይቻላል። የዛሬው እርጅና ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በበር መዘጋት ነው። ኤንቪዲያ በ2018 ሬይ ትሬሲንግ ለተባለው ሥራ የተለየ ክፍል ያላቸውን ካርዶች አወጣ፤ ይህም የብርሃን ጨረር በየግድግዳው እየነጠረ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ነው። ቀድሞ ብርሃኑና ጥላው በጨዋታው ሠሪዎች ኮምፒዩተር አስቀድሞ ይሰላና በግድግዳው ላይ እንደ ቀለም ይቀባ ነበረ፤ ይህም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በ2020 የወጡት አዲሶቹ ኮንሶሎች ሬይ ትሬሲንግ ስለሚችሉ፣ አንዳንድ ደራሲዎች ያን ቅብ ከነአካቴው ተዉት። በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ ይህ ክፍል የሌለውን ካርድ አይቀበልም። በሜይ 2025 ደግሞ የዱም ተከታይ የሆነው «ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ» መጣ፤ እርሱም እንዲሁ። የ2016ቱን ዱም እያበረረ ያጫወተ ካርድ ለ2025ቱ ደጁን አያልፍም።

የልደት ዓመትም ዋስትና አይደለም። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ይህ ክፍል የለውም፤ በ2018 የወጣው ታላቁ ግን አለው። የጂፎርስ 4 ኤምኤክስ ነገር ተመለሰ ያልሁት ይህ ነው። ሾፌሩም እየራቀ ነው፤ ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 1060 ትውልድ የሚያወጣውን የጨዋታ ድራይቨር በኦክቶበር 2025 ማብቃቱን፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ኦክቶበር 2028 የደኅንነት እርማት ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

በዚያው በኦክቶበር 2025፣ በ14ኛው ቀን፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከስምንተኛው የኢንቴል ኮር ትውልድ ጀምሮ ነው። የሰባተኛው ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች በጃንዋሪ 2017፣ የስምንተኛው በኦክቶበር 2017 ወጡ። እንግዲህ «የ2017 ፕሮሰሰር» ማለት ምን ማለት ነው? በአንድ ዓመት ከተወለዱት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ይገባል፤ አንዱ ከደጅ ይቀራል።

ስለ ሥጋዊው እርጅና ብዙ የምለው የለኝም። አቧራ ማራገቢያውን ያንቀዋል፤ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይደርቃል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኤሌክትሪክ አቀባዩ ክፍል ይጐዳል። እነዚህ ሁሉ በጽዳትና በጥቂት ወጪ የሚታከሙ ናቸው።

እሑድ ወንድሜ መጣ። ስንት ዓመት እንደሚያገለግለው አልነገርሁትም፤ «የምትጫወተው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ከጓደኞቹ ጋር እግር ኳስ እንደሚጫወት ነገረኝና፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ገንዘቡን ያጠራቀምሁት ግን ለአዲሱ ዱም ነበረ» አለኝ። እኔም የጻፍሁትን አነበብሁለት። ሻጩን በስልክ ጠይቀን ፕሮሰሰሩ የስምንተኛው ትውልድ መሆኑን አረጋገጥን፤ ኤሌክትሪክ አቀባዩም ለተሻለ ካርድ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ አብረን ሄድን። ወንድሜ ሣጥኑን ገዛ፤ ካርዱን አስነቅሎ ለሻጩ ተወለት፤ በዋጋው ልዩነት ላይ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። የቀረው ገንዘብ ሬይ ትሬሲንግ ላለው ካርድ ገና አልሞላም፤ የጥቂት ወራት ደመወዝ ይቀረዋል። እስከዚያው ድረስ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ የሥዕል ክፍል እየተረዳ ማታ ማታ የ1993ቱን ዱም ይጫወታል፤ መስኮቱንም ማጥበብ አላስፈለገውም።